የእጅ ቆጠራ

በጋሊሲያ ጠረፍ፣ ባሕሩ ሲሸሽልን፣
ጎህ ሳይቀድ በቦቲ አሸዋው ላይ ወረድን፤
ሃያ ሰባት ባልዲ፣ ሃያ ሰባት ሴቶች፣
አሸዋ እየጫርን እንደራባቸው ዶሮዎች።
ዛጎል ለቃሚ ነን፤ ወገብ ነው ሥራችን፣
አንድ በአንድ ላገኘን ደጎች ነን ሁላችን።

ያን ዕለት ኤርሚታስ መጣች ከአጠገቤ፤
«ባልቢናን አይቻት ዝም አልኩኝ በልቤ፤
ከተከለለው ስፍራ ሁለት ኪሎ ብትወስድ፣
ባሏ አልጋ ላይ ነው፤ ምን ታርግ፣ የት ትሂድ?»
አለችኝ። እኔም ራሴን ነቀነቅሁ፣
«እኔም አይቻለሁ» አልኳት፤ አልዋሸሁ።
ዶሲንዳም ያንኑ፣ ሳቤላም ያንኑ፣
ሚዛን ቤት ስንሰለፍ በጆሮዬ አዘኑ።
ቁጠሩልኝ እስቲ፤ እስከ ቀትር ድረስ
አንዲት አልነበረች ባልቢናን የምትከስ።

ማታ ግን አዳራሽ። አዳራሽ ሌላ ነው፤
ፊት አይታይበትም፣ ማጅራት ብቻ ነው።
ዛጎል በውሃ ውስጥ ለብቻው ይከፈታል፤
ባልዲ ውስጥ አንዱን ንኩ፣ ሁሉም ይዘጋል።
ያ እርጥብ ሹራብ፣ ያ የቦቲ ሽታ፣
መስኮቱ ተዘግቶ ታፍነን ያን ማታ፣
ሊቀመንበሯ ቆማ፣ መነጽሯን ሰክታ፣
ክሱን አነበበች ሳታርፍ ለአፍታ።
«የባልቢና ፈቃድ ለዓመት ይነጠቅ
የምትሉ እጅ አውጡ።»
ጸጥታ። አንዷ አንዷን ስትጠብቅ።

ከፊት ረድፍ ያኔ ብቅ አለ አንድ እጅ፤
የኦብዱሊያ ነው፣ የሁላችን ወዳጅ፣
አሮጊቷ እናት፣ ሰማንያ ሊሞላት፣
ባሕሩ ራሱ ፈቃድ የሚጠይቃት።
«እሷ ካወጣችማ የምታውቀው አለ»
ያለ ይመስል የዶሲንዳ እጅ ተከተለ።
ሳቤላ ዶሲንዳን በጎን አየችና
ክንዷን ከፍ አደረገች፣ ቀስ ብላ፣ በትሕትና።
ኤርሚታስም። አዎ፣ ኤርሚታስም።
ልቧ እንዴት ነበረ? አልጠየቅኋትም።

ስለ እጄ ልናገር። ጭኔ ላይ ነበረ፣
በጥፍሬ ሥር ያለ አሸዋ እየቆጠረ።
አላዘዝኩትም እኔ። ግራ ቀኜን ሳይ
የክንድ ጫካ ሆኗል ከራሴ በላይ፤
ብርድ ብርድ አለኝ፣ እርቃኔን የሆንኩ ያህል፣
ልብስ እንደሚደርቡ፣ እጄን አወጣሁ ከመሐል።
«ሃያ ስድስት» አሉ። ቁጥሩ ተጻፈ።
የባልቢና ዓይን በእያንዳንዱ እጅ አለፈ።

ደጅ ስንወጣ ኦብዱሊያ ተናደደች፣
«መስኮት ክፈቱ ብል ሰው ይጥፋ?» አለች፣
«እጄን አውጥቼ እስኪዝል ድረስ ቆየሁ!»
ጆሮዋ ደካማ ነው። እኔ ብቻ ሰማሁ?
ሁላችን ሰማን። ዝናቡ ጀመረ፤
መልስ የሚሰጥ አፍ ግን ባንዳችን አልነበረ።

ሌሊቱን አልተኛሁ። ባልዲዬን አንሥቼ፣
ለቤት ያስቀረሁትን ዛጎል ሞልቼ፣
በጨለማ ሄድኩኝ፣ ባልቢና ደጃፍ ላይ
ላኖር፣ ልሸሽ፣ ሰው ሳያየኝ፣ ሰማይም ሳያይ።
ደረስኩ። ደረጃው ላይ ባልዲ ተቀምጧል።
አጠገቡ ሌላ። ከሥሩም ሌላ ቆሟል።
ሰባት። የኔ ስምንት። በጨለማ ቆምሁ፣
የኤርሚታስን ባልዲ በእጀታው አወቅሁ።

ሲነጋ ባልቢና፣ ለአፏ አንድም ሳትነካ
ለባሕሩ መለሰች፣ በኪሎ ሳትለካ፤
ባልዲዎቹን አጥባ፣ አዳራሹ በራፍ
ደፍታ ደረደረች ስምንቱን በአንድ ረድፍ።

በሳምንቱ ስብሰባ ሊቀመንበሯ ጠየቀች፣
«ባልዲ የጠፋባት እጅ ታውጣ» አለች።
መስኮቱ ክፍት ነበር። ኦብዱሊያ ታስላለች።
ኤርሚታስ አየችኝ። ማጅራት አየሁ እኔ።
ሰማያዊው፣ በገመድ የተጠገነው፣ የኔ።

አሁንም እዚያው ናቸው፤ ጨው በላያቸው ደርቆ፣
ሁሉም አልፎ ይሄዳል ዓይኑን ወዲያ አርቆ።
ስምንት ሴቶች ነን አሁን በፌስታል የምንለቅም፤
ተያይተናል። «ምነው?» ያለች ግን የለችም።