አሮጌ ልብስ

በሚኞ ሸለቆ፣ ዝናብ እንደ ዘመድ ሳይጠራ በሚመጣበት፣
የገና ቀን ምሳችን ስም አለው፣ እንግዳ የሚስቅበት፤
“አሮጌ ልብስ” እንለዋለን።
ይሳቅ፤ ሳህኑን በዳቦ ጠርጎ ሲያበቃ እናየዋለን።

ዋዜማ ማታ እናቴ ዙልሚራ ለአምስት ሰው የአሥር ትቀቅላለች፤
“የተረፈ አያጣላም፣ የጎደለ ነው የሚያጣላ” ትላለች።
በጨው የደረቀው ዓሣ ሦስት ቀን ተዘፍዝፎ ግትርነቱ ሲለቀው፣
ከድንች፣ ከጓሮ ጎመን ጋር ባንድ ድስት የምናስጨንቀው፤
እንቁላል ለየአንዳንዱ አንድ፤ ዘይቱ ግን የማይቆጠር።
ዘንድሮ ከዓሣው ቀድሞ የፈላ ሌላ ነገር ነበር።

አዴሊኖ፣ ታናሽ ወንድሜ፣ ሹካ ሳያነሣ የውሃ ተራ አነሣ፤
“ማክሰኞ የማን ነው?” አለ። የቤልሚሮ ጆሮ ቀላ፤ ዓሣውን ረሳ።
“አባባ በቃሉ ሰጥቶኛል።” “ለቃሉ ምስክር ጥራ!”
“ምስክሩ ከአፈር በታች ነው፤ ቆፍረህ ከእሱ ጋር አውራ!”
በሩ ተወርውሮ ተዘጋ።
ሳህኑ እንደሞላ ቀረ፣ እንፋሎቱ ፊት ፍለጋ።

በዚያ ሌሊት ማዕድ አናነሣም፤ ፍርፋሪም አይጠረግም፤
ሙታን ሊቀምሱ ይመጣሉ፤ ደጅ አንዘጋም፣ አንነፍግም።
እናቴ የአባቴን ወንበር ስባ የልጇን ሳህን ፊቱ አስጠጋች፤
“ልጅ ጥሎት የሄደውን አባት ያነሣዋል” ብላ መብራቱን አጠፋች።

እኩለ ሌሊት የጓሮ በር አቃሰተ። ውሻችን አልጮኸም፤
ጅራቱ ወለሉን ሲመታ ሰማሁ። ለሙት ውሻ እንዲህ አይደሰትም።

ጠዋት እንቁላሉ የለም። ከዓሣውም ወፍራሙ ጎን ተገምጧል።
እናቴ አማተበች፦ “መጥቷል! ነፍሱን ይማረው፣ ቀምሷል!”
ከወንበሩ ሥር የጭቃ ዱካ፣ የግራ ተረከዙ የተበላ።
እኛ አባባን የቀበርነው በሱፍ ካልሲ ነው።
ጭቃውን በጨርቅ ጠረግሁት፤ ቃል አልወጣኝም፣ ያኔም ሆነ በኋላ።

ስማኝማ፤ “አሮጌ ልብስ” የሚሰፋው እንዲህ ነው፦
ያደረውን ዓሣ በእጅህ ፈልቅቀው፤ እሾህ የሚያውቀው ጣት ነው።
ድንቹን ቁረስ፣ ጎመኑን ተርትረው፤
ነጭ ሽንኩርቱ በዘይቱ ውስጥ ማንሾካሾክ ሲጀምር ሁሉን ጨምረው።
ከዚያ እጅህን ሰብስብ፤ አታማስል፤ ከሥሩ ይያዝ፣ ይረር፤
ከውሃ ተራ በፊት በእኛ ቤት የሚያጣላው ያ ያረረው ብቻ ነበር።
ኮምጣጤ ጠብ የምታደርግበት አለች፣ አክስቴ ፊሎሜና፤
እሱን ለጎረቤት አናወራም፤ የቤት ገመና።
ትናንት ዓሣው ዓሣ፣ ድንቹም ድንች፣ በየድርሻው ተቀምጦ፤
ዛሬ የማን እንደሆነ አይለይ፣ ወሰኑ ጠፍቶ፣ ተላውጦ።

ያደረ ወጥ ይጥማል፣ ያደረ ነገር ይመርራል ይባላል።
እናቴ ሁለቱን ባንድ መጥበሻ ትጥዳለች፤ እሷን ማን ይከለክላል?

ቀትር ላይ አዴሊኖ፣ በዚያው ጫማ፣ ከደጃፍ ታየ፤
“ሽታው ነው የጎተተኝ” አለ፤ ወደ ማንም ግን አላየ።
ቤልሚሮ ቀና አላለም። ያረረውን ከመጥበሻው ፋቀ፤
ከሁለት ገመሰው፤ ግማሹን ወደ ባዶው ሳህን ጥሎ በዝምታው ዘለቀ።
“አባትህ ሌሊት መጥቶ” አለች እናቴ፣ “እንቁላልህን በላብህ።”
አዴሊኖ ጫማውን አየ። እኔን አየ።
“ምን አለ?” ሲል ጠየቃት። “ጨው አላነሰውም?”

ማክሰኞ የማን እንደሆነ ዛሬም አልታወቀም።
ከተረፈው የተረፈውን፣ ሦስት ማንኪያ ቢሆን ነው፣ እናቴ በሳህን ከደነችው፤
“ለማታ ሾርባ ይወጣዋል” አለች፤
ወንበሩን ግን ወደ ቦታው አልመለሰችው።