አቻ

ቺሎዌ ደሴት ላይ፣ ዝናብ በማይታክትበት፣
ከዳልካዌ ወደብ፣ ከአውቶቡሱ ማደሪያ ቤት፣
የጠፋ ዕቃ ጠባቂ ነኝ፤
ሰው የረሳው ሁሉ እኔን አገኘኝ።

ጃንጥላው፣ መነጽሩ፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ ሳይቀር፣
የሙሽራ ቬሎ እንኳ አንዴ እኔ ዘንድ አድሮ ነበር።
አንዴማ ዶሮ መጣች፣ ከነቅርጫቷ ተረስታ፣
ለማደሪያዋ ኪራይ አንድ እንቁላል ጥላ ማታ።

ሦስት ወር ቆይቶ ባለቤቱ ያልጠየቀውን፣
አለቃዬ ኒባልዶ ይሸጠዋል የሚሸጠውን።
ነጠላ ጓንት ግን፣ ነጠላ ካልሲ ግን፣
ማን ይገዛል ግማሽ? ማንስ ያጠልቃል አንዱን?
ስለዚህ አሥራ አንድ ክረምት፣ እጄ አንዴም ሳያመነታ፣
የሰው ግማሽ አነደድኩ፣ ለሻይ ማፍያ ጠዋት ማታ።

በነሐሴ አንድ ማክሰኞ፣ ባሕሩ ከሰማይ ሲላጋ፣
ዶኛ ኤዱቪና መጣች፣ አንድ የጠፋ ፍለጋ።
ከአቻኦ ነው የመጣችው፣ ከማዶኛዋ ደሴት፤
በአውቶቡስ፣ ደግሞም በጀልባ፤ መሳፈሪያው ይበልጣል ከጓንት።
ከካፖርቷ ጉያ ውስጥ፣ በመሐረብ ተጠቅልሎ፣
አንድ ቀይ ጓንት ወጣ፣ አውራ ጣቱ አረንጓዴ መስሎ።
(ቀዩ ክር አልቆባት ኖሮ ሁለቱንም አውራ ጣት
በጎረቤቷ ትራፊ ክር ነበር የጨረሰቻት።)

“ሦስት ዓመት ሆነው” አለች፣ “ቀኙ የቀረ ከአውቶቡስ፤
ኬይሌን ሄድኩ፣ ካስትሮ ሄድኩ፤ እዚህ ሳልደርስ እንዴት ልመለስ?”
ሳቄ አመለጠኝ። “እማማ፣ ይኼ ሁሉ ዝናብ መትቶሽ፣
ለአንድ ጓንት? ሱፍ አይጠፋ፤ ሌላ ሥሪ በገዛ እጅሽ።”
“ሌላማ ሠርቻለሁ፤ ሃያ፣ ሠላሳ፣ ለገበያ።
ይቺ ግን አቻዋ እኔ ጋ ነው፤ እንዴት ትቅር ለመጣያ?”

ዝም አልኩ።
ዓይኔ ወደ ምድጃው ሄደ፤ ሆዴ ውስጥ አንዳች ሰመጠ፤
እሳቱ የሳቀ መሰለኝ፣ አመዱ ያፈጠጠ።

ተንበርክኬ ጆንያውን ዘረገፍኩት ከነሆዱ፤
ካልሲ፣ ኮፍያ፣ የሕፃን ጫማ፤ ቀይ ነገር የለም አንዱ።
ታች፣ ከጆንያው መቀመጫ፣ ጣሪያው ከሚያፈስበት ሥር፣
ሻጋታ የነካው ቀይ፤ አውራ ጣቱ እንደ ሣር።

በደግነቴ አይደለም የተረፈው፤
እርጥብ ሆኖ፣ እሳት እንቢ ብሎት ነው።

ዶኛ ኤዱቪና አላለቀሰች።
ሁለቱንም አጠለቀች፣
አጨበጨበች፣ አንዴ ብቻ፣
እንደ ልጅ። “ይኸው” አለች፣ “አቻ ከአቻ።”

ከሄደች በኋላ የጫማዋ ውኃ ወለሉ ላይ ቀረ።
በእንጨቷ ቤተ ክርስቲያናችን፣ በወር አንዴ ቄሱ በጀልባ ሲመጡ፣
የጠፋችው በግ ሲነበብ፣ እኔ በጓን ነበር የማስብ፦
የት ሄደች? ምን ነካት? ለምን አልተከተለችም መንጋውን?
ያን ቀን ግን ያየሁት ፈላጊውን፤
ጫማው ውኃ ያቋተ፣ ወጪውን ያልቆጠረ፣
“አቻዋ እኔ ጋ ነው” እያለ በየጣቢያው የዞረ።

ወንድሜ ኢራልዶ አለ፣ ፑንታ አሬናስ ላይ፣ ሩቅ፤
በአባታችን ጀልባ ተጣልተን፣ ስሙን ከጠራሁ ቆየሁ፤ ቆጥሬም አላውቅ።
(እዋሻለሁ። አሥራ አንድ ክረምት ነው።)
ማታ ስልኩን አነሣሁ፤ መልሼ አስቀመጥኩት።
ደግሞ አነሣሁ።

ዛሬ ጆንያው ሞልቶ ሁለተኛውን ጀምሬያለሁ።
“ኤርሲራ፣ ለምን አታነጂውም?” ይላል ኒባልዶ፣ ብርዱ ሲያንዘፈዝፈው።
“እርጥብ ነው” እለዋለሁ።

ጌታ ሆይ፣ አቻዬን በጉያህ የያዝክ፣
እኔም እርጥብ ሆኜ ነው፣ እስክትመጣ ያልነደድኩ።