ገጽ ስልሳ አንድ

ከፖስታ ቤት ጀርባ፣ ከጫማ ሰፊው ጎን፣
የሰው ክስ፣ የሰው ውል ስተይብ ውዬ ቀን፣
ማታ መዝጊያው ወርዶ ቆርቆሮው ሲንኳኳ
(የአዳማ ነፋስ ነው፣ ሰው አይደለም ለካ)
የራሴን ጻፍኩበት፣ በሰው ኮምፒውተር፣
አንድ መቶ አራት ገጽ፣ ሦስት ዓመት ካንድ ወር።

ድሪባ ይባላል፣ የሐዲድ ፋኖስ አብሪ፣
ባቡሩ የቀረ፣ እሱ ሰዓት አክባሪ።
ሌሊት አሥር ሰዓት ኮፍያውን ይደፋል፣
ሣር በበቀለበት ሐዲድ ላይ ይቆማል።
ፊልሙ ይኸው ነው። ፍቅር የለበትም…
ማለቴ አለበት፣ ግን አይሳሳሙበትም።

አዲስ አበባ ሄድኩ። መጀመሪያው ቢሮ
ጥበቃው አኖረው ከምሳ ዕቃው አብሮ።
ሁለተኛው ቢሮ "ኮሜዲ ነው?" አለኝ፤
"አይ" ብል "አድርጊዋ!" ቁጭ በይ እንኳን ሳይለኝ።
ሦስተኛው ሊፍት ውስጥ፣ "ባንድ መስመር ንገሪኝ።"
አራተኛ… ሦስተኛ… ምድር ቤት። ቃል ጠፋኝ።
ባንድ መስመር ብችል መቶ ገጽ ምን ሊረባኝ?

መልሱ የመጣልኝ ሞጆን ሳልፍ ነበር፦
አንድ ሰው፣ አንድ ፋኖስ፣ ባቡር አልባ መስመር።
ለማን ይነገራል?
ከጎኔ ያለው ሰውዬ ያንኮራፋል።

ኅዳር ላይ ተሰማ፤ ፕሮዲውሰሮቹ
ለስብሰባ ወረዱ፣ ከነሾፌሮቹ።
በአዲስ ቶነር አትሜ፣ በጥቁር ጠርዤ፣
የዓመት በዓል ቀሚሴን ከሻንጣ መዝዤ፣
እንግዳ መቀበያው ጋ ለጋሽ ውብእሸት አስረከብኩ።
"ማታውኑ አየዋለሁ" አለኝ። እኔም አመንኩ።

ያን ሌሊት አልተኛሁም።
እሱ ተኝቷል።

ከዚያማ መጠበቅ ነው። ስልኬ በጮኸ ቁጥር
"ክሴ አልቋል?" ባይ ነው፣ ወይ የተሳሳተ ቁጥር።

ጥር ላይ፣ መናኸሪያው ጋ፣ ከነፋስ ሸሽቼ
ኦቾሎኒ ገዛሁ፣ አሥር ብር አውጥቼ፣
ቶሌራ ከሚሉት ልጅ። ቆርጥሜ ቆርጥሜ ወረቀቱ ሲቀር
ጭረቱን አወቅኩት፦ የኛው ቤት ፕሪንተር።

ገጽ ስልሳ አንድ። ጨው። የዘይት ጠብታ።
ድሪባ፦ (ፋኖሱን ያነሣል። ጸጥታ።
ከሩቅ፣ ከወለንጪቲ በኩል—)

እዚያ ላይ ያልቃል።

በኋላ ነው የሰማሁት። ክፍል ሁለት መቶ አሥር፣
ጋሽ ውብእሸት ትቶት፣ ከአልጋው ሥር፣
አልጋ አንጣፊዋ አግኝታ ለቆራሌው ሸጠች፤
ቆራሌውም በኪሎ። ሚዛኗ አልዋሸች፣
ግማሽ ኪሎ አለች፣
ሦስት ዓመቴን።

ቀና ስል ልጁ ያየኛል። ጆሮው በነፋሱ ቀልቷል።
"ያ ሽማግሌ ግን" አለኝ፣ "ባቡሩ ይመጣለታል?"
"የቱ ሽማግሌ?"
"ፋኖስ የያዘው። እኔ ሳልጠቀልል በፊት አነባለሁ፤
የፈተና ወረቀት አለ፣ ደረሰኝ አለ፤ የሱን ግን መጨረሻ ላይ እጠቀልላለሁ።
ስልሳ ሁለትን ነፋስ ወሰደብኝ። እስከ ፍራንኮ
ሮጬ ነበር፣ አመለጠኝ እኮ።"

ሦስት ቢሮ። አንድ ሊፍት። አንድ ባለ ኮከብ ሆቴል።
ከዚያ ሁሉ ሰው አንድም፣ ላንዲት ገጽ ሲል፣
አልሮጠም።

የሳሙና ካርቶኑን ጠርዝ ለቀቀልኝ። ተቀመጥኩ።
የጻፍኩት እኔ ነኝ አላልኩትም፤ ለምን እንደሆነ አላወቅኩ።
"ውጪ። ሌሊት" አልኩት። "ነፋስ አለ።"
"ነፋሱን አውቀዋለሁ፣ ቀጥዪ" አለ።

ገዢ መጣ። ብር ዘርግቶ ቆመ።
"ቆይ" አለው ቶሌራ፣ ዓይኑን ከኔ ሳይነቅል፣
"ባቡር እየጠበቅን ነው።"