ሰማያዊ ብርጭቆ

ሰሜን ፖርቱጋል፣ ቪላ ሪያል፤ ከዩኒቨርሲቲው ምድር ቤት
የወይራ ዘይት ይቀመሳል፤ ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ሦስት ሰዓት።
የእኔ ሥራ ማጠብ ነው፣ ሽታ በሌለው ሳሙና፣
በፍል ውሃ ማለቅለቅ፣ ደግሞ አንዴ እንደገና።
ብርጭቆዎቹ ሰማያዊ ናቸው፣ አፈ ጠባብ፣ ክብ ሆድ፤
ዘይቱ በመልኩ ብቻ፣ አረንጓዴ ነው ተብሎ እንዳይወደድ።

መምህርት ግራሲንዳ ሽቶ አትቀባም በዚያ ቀን፤
ቀማሾቿንም ትለምናለች፦ "ቡናም ሲጋራም ይቅርብን።"
ለእያንዳንዱ ጠባብ ክፍል፣ አንዲት መስኮት፣ ቁራጭ ፖም፤
ወረቀቱ ላይ መስመር፦ ይመራል? ያቃጥላል? ሻጋታስ? የለም?

አቢሊዮ ግን ሌላ ነው፤ አርባ ዓመት ወፍጮ ቤት የኖረ፣
ወይራው ጆንያ ውስጥ ስንት ሌሊት እንዳደረ
አንዴ አሽትቶ የሚናገር።
"ሦስት" ይላል። ለባለ እርሻው ይደወላል። ሦስት ነበር።

ዘንድሮ፣ በኅዳር ወር፣ ግራሲንዳ ደንቡን ለወጠች፤
ለየቀማሹ ለየብቻ ቅደም ተከተል አወጣች።
ለአንዱ መጀመሪያ የቀረበው፣ ለሌላው መጨረሻ ሆነ፤
ቀድሞም መደረግ የነበረበት፣ በብርጭቆ እጥረት የባከነ።

ያን ሳምንት የአቢሊዮ ወረቀት ጉድ አመጣ፤
ለሻገተው ዜሮ ሰጥቶ፣ ጥሩውን "ሻጋታ" ብሎ ቀጣ።
ስሌቱ በቃ አለ፤ ይህ ሰው ከቡድኑ ይውጣ።

እሷ ግን ቆየች አምሽታ። ወለል ስወለውል ሳያት
ሁለት ወረቀት ደርባ መብራት ላይ ይዛለች፤ ገጠመላት።
የአቢሊዮ ምልክቶች፣ አንድም ሳይዛነፍ፣ በተራ፣
የጎረቤቱ የኦዴት ነበሩ፤ እሷ ከቀመሰችው ጋራ።

በማግስቱ ጠየቀችው፤ በሩን ዘግታ፣ በለሆሳስ።
"ከመስከረሙ ጉንፋን ወዲህ አፍንጫዬ እንቢ አለኝ መመለስ።
ምሬቱን ምላሴ አልሳተም፤ ጉሮሮዬም ይቃጠላል፤
ሻጋታውን ግን… ኦዴት ስትጠላው ብርጭቆዋ ይነግረኛል።
ገፋ አድርጋ ስታስቀምጠው ጠረጴዛው ቋ! ይላል፤
ስትወደው ዝም ነው። ዝምታዋ ይረዝማል።"

ግራሲንዳ አልተቆጣችም። ሳቋ መጣ፣ ዋጠችው።
የመስከረምና የጥቅምቱን ሠንጠረዥ በሙሉ ጣለችው፤
"ስምንት ቀማሾች" የሚለውን በእስክሪብቶ ሰባት አደረገችው።

አሁን ማክሰኞ ከእኔ ጋር ነው፤ ፎጣ ይዞ ያደርቃል፣
ብርጭቆውን አንድ በአንድ በጥፍሩ ቋ ቋ ያደርጋል።
"ይቺ ተሰንጥቃለች" አለኝ ባለፈው። መስኮት ላይ ይዤ አየኋት፤
ሰማያዊ ነች፣ ሌላ የለም። ከጓደኞቿ ጋር ደረደርኳት።

ዛሬ ዘይቱ ሲሞቅባት፣ በኦዴት መዳፍ ውስጥ፣
ሁለት ሆነች።
እሱ ፎጣ ማጠፉን ቀጠለ፤ ቀና ሳይል፣ ሳይደነግጥ።