ከስንት?

ከቁንዝላ ወደብ ትኬት እቆርጣለሁ፤
ሰውም ሆነ በርበሬ ቆጥሬ እጭናለሁ።
ልጄ እናንዬ ከሠፈር ሳተላይት አራትን ስትጨርስ፣
ለአምስተኛ የቱ ይሻላል ብዬ ላይ ታች ስመላለስ፣
ደብተር ገዛሁ፣ ባለ ሃምሳ ሉክ፤
መሀሉን በመስመር ከፈልሁት፣ እኩል በእኩል፣ ልክ በልክ።
በግራ የላዩ፣ ካስፋልቱ ዳር ያለው፣
በቀኝ የታቹ፣ ጣና ክረምት ክረምት እግሩን የሚያጥበው።
ሁለቱም የመንግሥት፣ ደወላቸው ቸርኬ፤
የቱ ለሷ ይበጃል? መዘንሁት በልኬ።

ላዩን ሄጄ አየሁት፤ በሩ ሰማያዊ፣
ዳይሬክተሩ ባለ ከረባት፣ ንግግሩ ዜማዊ።
"ኮምፒውተር አለን" አለኝ፣ "አሥራ ሁለት ናቸው፤
ቁልፉ ባሕር ዳር ሄዷል፣ በመስኮት ይዩአቸው።"
በመስኮት አየኋቸው። ላስቲክ ለብሰው ተኝተዋል፤
ሸረሪቶች የራሳቸውን መረብ ዘርግተዋል።
አንዱ ክፍል ውስጥ ልጁ ዘጠና አራት ሆኖ፣
በአንድ ዴስክ አምስት አምስት፣ ክርን ከክርን ታፍኖ።
ሚኒስትሪ ያለፈስ? ሠላሳ አንድ። ጻፍሁ።
በቀይ እስክሪብቶ፣ ሁለት ጊዜ አሰመርሁ።

ወደ ታች ወረድሁ። እምቦጭ የሐይቁን ዳር ሸፍኖታል፤
የአንድ ሰው ፍየል የሰልፉን ሜዳ አጭዶታል።
ግድግዳው ላይ የአምናው ውሃ የተወው መስመር፣
እስከ ሰሌዳው ወገብ፣ ቡናማ ድንበር።
ቤተ ሙከራ ብለው ያሳዩኝ ቁም ሳጥን፤
አንድ ቀረሶ በጠርሙስ፣ ዓይኑ ያፈጠጠብን።
ልጆቹ ሠላሳ ስምንት፤ አንዱ ሲያስነጥስ
መምህሩ በስሙ ጠርቶ "ይማርህ" የሚል፣ ቃሉን ሳይጨርስ።
ሚኒስትሪስ? ዘጠኝ። ዘጠኝ ብቻ። ጻፍሁት።
ከሠላሳ አንዱ ጎን እንዳያፍር፣ በጣም አሳነስሁት።

ግን ይህን መምህር፣ ይህን ባለ ብስክሌት፣
ጧት ላይኛው ቤት አላየሁትም? ይሄው፣ ጠመኔ የነጣው ኮት!
"ጋሽ ቢያዝን፣ አንተ አይደለህ?" "እኔው ነኝ" አለ ሳይስቅ፣
"ጧት ዘጠና አራት፣ ከሰዓት ሠላሳ ስምንት፤ ጠመኔው ነው የሚያልቅ።"
"ታዲያ የቱ ይሻላል?" የብስክሌቱን ሰንሰለት ሲያስገባ ቆየ፤
"ውሃ ሲሞላ ታቹ ይዘጋል፣ ሰው ሲሞላ ላዩ" አለና ሽቅብ አየ።

ማታ ለአንጓች ደብተሩን በኩራት ዘርግቼ
ስደምር፣ ስቀንስ፣ ልፈርድ ተመቻችቼ፣
"ሽንት ቤቱስ?" አለች። "የሴቶቹ በር አለው?
መቀርቀሪያውስ ከውስጥ ነው? ወይስ ሌላ ሰው ነው የሚዘጋው?"
ዝም አልሁ። ቀለሙን፣ ኮምፒውተሩን፣ ፍየሉን ቆጥሬ፣
ያን አንዱን ሳላይ መምጣቴን አወቅሁ፣ አቀርቅሬ።
በማግሥቱ ራሷ ነጠላዋን ደርባ ሄደች፤
"ላዩ በር አለው፣ መቀርቀሪያ የለው። ታቹ መቀርቀሪያ አለው፤
በሩ ግን…" ብላ ሳቀች።

እናንዬ ደብተሬ ላይ ተደፍታ፣
ቀዩን መስመር በጣቷ ነክታ፣
"አባዬ፣ ሠላሳ አንድ ከስንት? ዘጠኝስ ከስንት?" አለች፤
መልስ ስትጠብቅ ዓይኗን ሳትነቅል ቆየች።
እኔ፣ ስንት ጫነች፣ ስንት ትችላለች ብዬ በጀልባ የምፈርድ፣
"ከስንት" ሳልል ቀርቼ፣ መሬቱ ቢከፈት በወረድ!

ላዩ ሄድሁ። ዳይሬክተሩ መዝገብ ሲያገላብጥ ዋለ፤
"የተፈተኑት… መቶ ምናምን… ይጣራል" አለ።
ታቹ ግን ሳይፈልጉ፦ "አሥራ አንድ ነበሩ፤ ሁለቱ
ከወንዙ ማዶ ናቸው፤ በፈተናው ቀን ሞልቶባቸው ነው የቀሩቱ።"

ፈረድን ማለት ይከብዳል። መስከረም ሲብት፣
ውሃው ገና ሳይሸሽ፣ ከታቹ በር ፊት፣
እናንዬ ጫማዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ
ትሻገራለች፣ ደብተሯን በላስቲክ ጠቅልላ።
ከኋላዋ እኔ ነኝ፤ ውሃው እስከ ጉልበቴ፣
የሽንት ቤት በር፣ አዲስ ጣውላ፣ ተሸክሞ አናቴ።

መቀርቀሪያው እዚያው አለ።