አሸዋውን ለወንዙ

ከታይዋን ገበያ፣ ከእስማኤል ዋበሪ ሱቅ፣
አራት ቴራ ዲስክ ገዛሁ፤ እንደ ጡብ የከበደ፣ እንደ ጡብም ድርቅ።
«ይኼ አይሞላም እቴ» አለኝ፣ ጫቱን ወደ ጉንጩ ገፍቶ፣
«መጋላን ከነአህያው ብትቀርጪው እንኳ ቦታ ይተርፍሻል ሰፍቶ።»

ማታ፣ ግድግዳው የቀኑን ሙቀት ሲተፋ፣
ማራገቢያው ከጣራው ሥር ሲያንኮራፋ፣
ሰካሁት። ኮምፒዩተሩ አሰበ፣ አሰበ፣
«ሁለት ቴራ» ብሎ አነበበ።

ግማሹስ? የከፈልኩበት ግማሹስ የት ገባ?
እስማኤል ሸወደኝ ብዬ ስነሣ፣ ከበረንዳው በሽርጡ መጣ አባባ፦
ሠላሳ አንድ ዓመት በምድር ባቡር የሠራ፣
ዛሬም የማይመጣውን ባቡር በሰዓቱ የሚጠራ።

ቆየት ብዬ ገባኝ። «ልጁ ሌባ አይደለም፤ መዝገቡ ነው ያረጀ፣
ዲስክ ሁሉ ትንሽ ሳለ ለትንሽ ቁጥር የተበጀ።
ከሁለት ቴራ ወዲያ መቁጠሪያ ጣት የለውም፤
አራት ክፍል ያድላል፣ አምስተኛ እንግዳ አይቀበልም።»

አባባ ሳቀ። «ሀዲድ ነዋ!» አለኝ፣ «የኛው ሀዲድ!
አንድ ሜትር ነበር ስፋቱ፤ በሱ ላይ ስንወጣ ስንወርድ
ዓለም ሁሉ አንድ ሜትር ይመስለን ነበር።
አዲሱ ባቡር ሰፍቶ መጣ፤ ከዚራ ሳይገባ ቀረ ከከተማው ዳር።
የኛን ሀዲድ ቢረግጥማ አንድ እግሩ ጠጠር ላይ ነው።»

አዲሱን መዝገብ መረጥኩ፤ ጂፒቲ ይሉታል ስሙን።
የወደድኩት ለስፋቱ ብቻ አይደለም፤ ሁለቴ ይጽፋል ራሱን፦
አንዱን ቅጂ ከዲስኩ ራስ፣ ሌላውን ከጅራቱ፣
ራሱ ቢጠፋ እንኳ ከጅራቱ እንዲነበብ ቤቱ።

ይህን ስነግረው አባባ ዝም አለ።

ሐምሌ ማብቂያ፣ ዘጠና ስምንት፣ ሌሊት ደቻቱ ሲመጣ
የኛ ቤት መዝገብ አንድ ቅጂ ነበር፣ ከአንድ መሳቢያ ያልወጣ።
ሲነጋ፣ አራት የነበርነው፣ ሦስት ሆነን ቆጠርን።
ከጭቃው አንድ ካሴት ወጣ፤ ከዳሩ አሸዋ አራገፍን።
ውስጡ እማማ ናት፣ ፊቷን በእጇ ከልላ፣
«ዝጋው ብዬሃለሁ!» ትለዋለች፣ በሳቅ ተሞልታ።

ቅርፀቱን ሲጠይቀኝ ለሥራዬ ኤንቲኤፍኤስ አልኩት፤
የገንደ ቆሬ ሠርግ አንዱ ፋይል ብቻ ስድሳ ጊጋ ነው፣ ጭፈራውን እናንተ ቁጠሩት።
የሳሎኑ ቴሌቪዥን ግን ፋት ሠላሳ ሁለት ብቻ ያውቃል፤ በፍላሽ ለየሁለት፣
ከአራት ጊጋ የበለጠ አይውጥም፤ እንደ አባባ ጥርስ ነው፣ ቆራርሼ ካላጎረስኩት።

የካሴቱ ልክ ሰባት መቶ ሜጋ።
«ለሷ ነው እንዴ ይኼ ሁሉ ቦታ?» አለኝ፣ ከወንበሬ ተጠጋ።

መስመሩን እስከ ዳር ልጎትት ስል እጄን ያዘኝ።
«ዳሩን ተዪው።»
«ምን ላስቀምጥበት?»
«ምንም።
የደቻቱን አሸዋ አይተሽው የለ? በጋ ሲሆን መንገድ ነው፣ ገበያ ነው፣ ኳስ ሜዳ ነው።
እኛም ባዶ ነው ብለን ቤታችንን አስጠጋን፤
ወንዝ ግን ቦታውን አይረሳም፣ በሌሊት መጥቶ ጠየቀን።»

ሁለት መቶ ጊጋ ተውኩ፤ ስም የለው፣ ቅርፀት የለው።
ኮምፒዩተሩ «ያልተመደበ» ብሎ በጥቁር አሰመረው።

መብራት ሳይሄድ ካሴቱን ቀዳሁ። «ሁለተኛውስ?» አለ።
«እዚሁ ዲስክ ላይ ብደግመው ቅጂ አይባልም፤ ከቤት መውጣት አለበት።»
አሰበ። «እህትሽ ጋ፣ ሐረር።»

ጠዋት ሌላ ፍላሽ በሸሚዙ ኪስ ቆልፎ በሚኒባስ ተሳፈረ።
ደንገጎን ሲጨርስ ደወለልኝ፤
«ደረስኩ» ይለኛል ብዬ ስጠብቅ
«ደረቅ ነው» አለኝ።