የውሃ ተራ

ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ አልተነጋገርንም፣
በአንዲት ሌሊት ውሃ፤ ሌላ ምክንያት የለንም።
ተራው የኔ ነበር፤
ቦዩን ወደ ማሾው ዘወረው በጨረቃ፣
ሽንኩርቴ ጠውልጎ አየሁት ስነቃ።
ስሙ ወሰንየለህ። እኔ ግን ወሰን ሠራሁ፣
ድንጋይ ተከልሁና ሳልፍ ፊቴን አዞርሁ።

ከዚያ ትኩሳት ያዘው።
«ወባ ነው» ተባለ፤ ኪኒኑን ጨረሰ።
«ታይፎይድ ነው» ተባለ፤
ሁለት ፍየል ሸጦ መርፌ ጀመረ፤ ባሰ።
አንድ አዋቂ መጥቶ ግራ ጎኑን ተኮሰ።
ሌሊት ያልበዋል፣ ቀን ይንቀጠቀጣል፣
«ምንህን?» ሲሉት፣ «ተዉኝ፣ ሆድ ይፍጀው» ይላል።

እውነትም ፈጀው።

አምቡላንሱ ሮቢት ሲቆም ሰው ጠየቁ ከቤት፤
ሚስቱ አራስ ናት። ከኔ በቀር ወንድም የት?
ከነጭቃ ጫማዬ ገባሁ።
ደብረ ሲናን አልፈን፣ የጣርማበር ዋሻ ሲውጠን፣
እጁ እጄን ነካ፤
መንገጫገጩ ይሆናል ያገናኘን።

ደብረ ብርሃን ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣
የቆላ ነጠላ እዚህ ምን ያደርጋል?
ሐኪሙ ቀዝቃዛ ቅባት ሆዱ ላይ አፍስሶ፣
መሣሪያውን ገፋው ወዲህ ወዲያ መላልሶ።
ጉበቱ ላይ ሦስት፣ ጣፊያው ላይ አራት፣
ጥቁር ጥቁር ጉድጓድ፤ በማታ እንደሚታይ ማሳ ውሃ የተኛበት።
«መግል ነው» አለ።

ቱቦ ገባ ከጎኑ። ከረጢቱ ከአልጋው ሥር።
ሲስተር እልፍነሽ ጎንበስ ብላ መስመር በመስመር
ትለካለች፣ ትጽፋለች፤ መቶ ሃያ፣ ዘጠና።
እኔም አብሬ እቆጥራለሁ፤ የውሃ አባት ነኝና፣
ለሰፈሩ ሁሉ በሰዓት ቦይ ስከፍት የኖርሁ።

በስድስተኛው ቀን ውጤቱ መጣ። በቅሏል አሉ፤
ስሙ ረጅም ነው፣ ለአፍ አይመች፣ ያዝሁት ስል ጠፋኝ።
«ጭቃ ውስጥ፣ የረጋ ውሃ ውስጥ ይኖራል፤
በቁስል ይገባል» አለኝ ሐኪሙ።
«ስኳርም አለበት፣ ሳያውቀው ኖሯል።
እግሩ ላይ ቁስል ነበረው?»

ዝም አልሁ።
ነበረው።
ያን ድንጋይ ሊነቅል ሲታገል
አምልጦት አውራ ጣቱ ላይ ወደቀ፤
እኔ ከማሳዬ ሆኜ አየሁ፤ ሳቅሁም መሰለኝ።

መድኃኒቱ ወራት ይፈጃል፤ መርፌ፣ ቀጥሎ ኪኒን።
ትናንት ሌሊት ከረጢቱ ወደ ሠላሳ ወረደ።
ዓይኑን ገለጠ። ከንፈሩ እንደ ደረቀ መደብ ተሰነጣጥቋል።
«ውሃው ዛሬ የማን ነው?» አለኝ።
«ያንተ» አልሁት።
ማክሰኞ ነበር። ማክሰኞ የኔ ነው።